በረንዳን በወንፊት ማጠር፦ ብሩ ሽቦው ላይ ሳይሆን ክፍተቱ ላይ ይውጣ

ድሬዳዋ፣ መተሐራ፣ አርባ ምንጭ፣ ጋምቤላ የኖረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ መቀመጥ አይቻልም። ቆርቆሮው ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ፀሐይ ማታ ማታ ይተፋዋል። ስለዚህ ኑሮው በረንዳ ላይ ይወጣል። ቡናው እዚያ ይፈላል፣ ልጆች እዚያ የቤት ሥራ ይሠራሉ፣ ሙቀቱ ሲብስ ፍራሽ አውጥቶ እዚያው የሚያድርም ብዙ ነው። አጎበሩ ግን መኝታ ቤት ተሰቅሎ ቀርቷል። ቢምቢ ደግሞ እኛ እስክንተኛ የመጠበቅ ግዴታ የለባትም።

ጉዳዩ የማሳከክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት 2024 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚዎች ተመዝግበዋል፤ ከ1,100 በላይ ሰዎችም ሞተዋል።

በረንዳን በወንፊት ሽቦ ማጠር አዲስ ነገር አይደለም፣ በየሰፈሩ የሚሠራው ሰውም እየበዛ ነው። ችግሩ ብዙዎቹ ሲያዩዋቸው ቆንጆ ሆነው ቢምቢ ግን እንደልቧ የምትገባባቸው መሆናቸው ነው። ጥሩ ሽቦ ተገዝቶ፣ ብረቱ ተበይዶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ከላይ በቆርቆሮውና በአግዳሚው መሃል እጅ የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል። እንግዲህ ይቺን ጽሑፍ ከመሥራታችሁ በፊት አንብቧት፣ ለበያጁም አሳዩት።

ድሬዳዋን ምሳሌ እናድርግ

ድሬዳዋን የመረጥኩት በምክንያት ነው። "አኖፌለስ ስቴፈንሲ" የምትባለው ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ ኢትዮጵያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ነው። በ2022 (በእኛ 2014 ዓ.ም.) ደግሞ ድሬዳዋ ላይ በዝናብ ወቅት ሳይሆን በደረቁ ወቅት የወባ ወረርሽኝ ተነሳ፤ ተመራማሪዎች ሲያጣሩ ከተያዙት ትንኞች አብዛኞቹ ይቺው ስቴፈንሲ ሆነው ተገኙ።

የለመድናት የወባ ትንኝ ረግረግና የዝናብ ኩሬ ትወዳለች። ይቺኛዋ ግን ከተሜ ናት። በርሜል፣ ሮቶ፣ ለግንባታ የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ፣ ክዳን የሌለው ጄሪካን ይበቃታል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ከተማ ውስጥ ውሃ የማያጠራቅም ቤት የለም። ስለዚህ ቢምቢዋ ከሩቅ ረግረግ አትመጣም፤ ከራሳችሁ ግቢ ነው የምትመጣው።

ድሬዳዋ በ2013 እ.ኤ.አ. የደንጊ፣ በ2019 ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ አይታለች። እነዚህን የምታስተላልፈው ቢምቢ ቀን ቀን ነው የምትናከሰው። ቀን ላይ አጎበር ውስጥ የሚቀመጥ ሰው የለም። በወንፊት የታጠረ በረንዳ ግን ቀንም ማታም ይሠራል፤ የዚህ ሥራ ትልቁ ጥቅም እሱ ነው።

አጎበርን ይተካል ማለት እንዳይመስላችሁ። አርባ ምንጭ አጠገብ በምትገኘው ጫኖ ቀበሌ የተደረገ ጥናት የበርና የመስኮት ወንፊት ቤት ውስጥ የሚገኙትን የወባ ትንኞች በ40 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። 40 ትልቅ ቁጥር ነው፤ 100 ግን አይደለም። በረንዳው ታጥሮም ማታ አጎበሩ ይዘርጋ።

ሽቦው

ሱቅ ስትሄዱ ባለሱቁ "ኦርጅናል ነው" ይላችኋል። እሱን ተዉትና ሜትር አውጥታችሁ ቀዳዳ ቁጠሩ። በ2.5 ሳንቲሜትር ርዝመት ውስጥ ቢያንስ 16 ቀዳዳ መኖር አለበት። በዓለም ገበያ የተለመደው የቢምቢ ወንፊት በአንዱ አቅጣጫ 18፣ በሌላው 16 ቀዳዳ ያለው ነው። ከዚያ የሰፋው ለዝንብ ይሆናል እንጂ ለቢምቢ አይሆንም። የዶሮ ቤት ሽቦማ ከነጭራሹ አይወራም።

"እንግዲያው በጣም የጠበበውን ልግዛ" የሚል አለ። አያዋጣም። ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር ነፋሱም ይቀንሳል፤ በረንዳው ሲታፈን ደግሞ ሰው በሩን በድንጋይ አስደግፎ ከፍቶ ይቀመጣል። ያን ጊዜ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። እንደ መተማና ሁመራ ካላዛር ያለባቸው አካባቢዎች ግን ሌላ ጉዳይ አለ፤ የካላዛር አስተላላፊዋ የአሸዋ ዝንብ ከቢምቢ በጣም ስለምታንስ በዚህኛው ወንፊት ታልፋለች። እዚያ ያላችሁ ጠበቅ ያለውን ነው መፈለግ ያለባችሁ።

ዓይነቱን በተመለከተ፦ ፋይበር ግላስ ርካሽ ነው፣ አይዝግም፣ ለመወጠር ቀላል ነው። ግን ድመት በጥፍሯ ትቀደዋለች፤ በላስቲክ የተለበጠ ስለሆነም የከሰል ፍንጣሪ ሲነካው ይቀልጣል። በረንዳው ላይ ቡና የሚፈላ ከሆነ (ማን ቤት አይፈላም?) ምድጃው የሚቀመጥበት ጎን ሌላ ሽቦ ይሁን፣ ወይ ምድጃው ከሽቦው አንድ ሜትር ይራቅ። አልሙኒየም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አንዴ ከተጎነበጠ አይመለስም፣ ቀለም ያልተቀባ ብረት ላይ በቀጥታ ካረፈም እርጥበት ሲያገኝ ይበላል። ዚንክ የተነከረው ሽቦ ጠንካራ ነው፣ ሲቆይ ግን ከተቆረጠበት ጫፍ ጀምሮ ይዝጋል። ስቴንለሱ ሁሉንም ያሸንፋል፤ ዋጋው ግን ኪስን ያሸንፋል።

እኔን ብትጠይቁኝ ፋይበር ግላሱን ገዝቼ የተረፈኝን ብር በሩና ጠርዙ ላይ አወጣዋለሁ። ቀዳዳው እኩል እስከሆነ ድረስ ቢምቢ ርካሹንም ውዱንም አታልፍም። የምታልፈው በጠርዝ በኩል ነው።

ልኬት

4 ሜትር ርዝመት፣ 1.5 ሜትር ስፋት፣ 2.4 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ከላይ ጣሪያ ያለው በረንዳ አለን እንበል። የተለመደ መጠን ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር፦ የሽቦው ጥቅል ስፋት ስንት እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁና ቋሚዎቹን በእሱ ልክ አቁሙ። ጥቅሉ 1.2 ሜትር ከሆነ በሁለት ቋሚ መሃል ያለው ስፋት ከ1.1 ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ግራና ቀኝ 5 ሳንቲሜትር የሚታጠፍ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው መጀመሪያ ብረቱን ያስበይድና ሽቦ ሲገዛ 10 ሳንቲሜትር ያጥረዋል። ከዚያ ሁለት ሽቦ በክር መስፋት ይመጣል። የተሰፋ ወንፊት ደግሞ በስድስት ወር ይተረተራል።

በዚህ ስሌት ከፊት ለፊት ባለ 90 ሳንቲሜትር በርና ሦስት ክፍል ይወጣል፣ እያንዳንዱ 1.03 ሜትር አካባቢ። ሁለቱ ጎኖች ደግሞ መሃላቸው ላይ አንድ ቋሚ ገብቶ ለሁለት ይከፈላሉ። ቋሚ፣ አግዳሚ፣ የበሩ ፍሬም ሁሉ ሲደመር ወደ 48 ሜትር ቱቦላሬ ነው። አንዱ ዘንግ 6 ሜትር ስለሆነ 8 ይመጣል፤ ቁራጭ ስለሚባክን 9 ግዙ። ባለ 3 በ3 ወይም ባለ 4 በ4 ሳንቲሜትር ቱቦላሬ ይበቃል። ሽቦው ወደ 15 ወይም 16 ሜትር ይሆናል፤ ይሄ ግን ከታች ያለውን 70 ሳንቲሜትር በላሜራ ወይም በብሎኬት ከዘጋችሁት ነው።

ዝጉት። ሕፃን የሚገፋው፣ ፍየል የምትወጋው፣ ኳስ የሚመታው፣ በመጥረጊያ የሚቧጨረው ሁሉ ከታች ነው። ወንፊት ከመሬት ሲጀምር ያምራል፤ መጀመሪያ የሚቀደደውም እሱ ነው።

ዋጋ አልጻፍኩም። የብረት ዋጋ በየሳምንቱ እየተቀያየረ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ከበያጁ ጋር ከማጣላት ውጪ አይጠቅማችሁም። በእንጨት መሥራትም ይቻላል። ሞራሌው ግን በደንብ የደረቀ ይሁን፤ ርጥብ ባሕር ዛፍ ድሬዳዋ ሙቀት ላይ ሲደርቅ ይጣመምና በሩ አይገጥምም። ምስጥ ባለበት ሰፈር ደግሞ እንጨቱ መሬት እንዳይነካ ከሥሩ ብሎኬት ይግባ።

አሠራሩ

መጀመሪያ መበየድ፣ ቀጥሎ ብየዳውን ማጽዳትና አንቲ ረስት መቀባት፣ ቀለሙ ሲደርቅ ብቻ ወንፊቱን መግጠም። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ፍንጣሪው ሽቦውን ይበሳዋል፤ ቀለሙም ቀዳዳውን ይደፍነዋል።

ብረቱ ከግድግዳና ከወለል ጋር በፊሸርና በብሎን ይያዝ። ተከራይ ከሆናችሁ ይሄ በተለይ ይመለከታችኋል። ከግድግዳው ጋር ከተበየደ ወይም በሲሚንቶ ከተቀበረ የአከራይ ነው፤ በብሎን ከተያዘ ፈታችሁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ከመጀመራችሁ በፊት ከአከራይ ጋር በጽሑፍ ተስማሙ፤ "በረንዳው አሁን ክፍል ሆኗል" ተብሎ ኪራይ የሚጨመርበት አጋጣሚ አለ። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ በረንዳው የሕንፃው ፊት ስለሆነ መጀመሪያ ማኅበሩን ጠይቁ።

ወንፊቱ ሲገጠም ዳሩ ሁለት ጊዜ ይታጠፍ። ከላይ መሃሉ ላይ ይያዝና ወደ ታች ይወጠር፣ ከዚያ ግራና ቀኝ፣ ማዕዘኖቹ መጨረሻ። ከማዕዘን የጀመረ ሰው መሃሉ ላይ ሆድ ይተርፈዋል። ሽቦውን በምስማር ወይም በስቴፕለር ብቻ አትተዉት፤ በላዩ ላይ ቀጭን ጠፍጣፋ ብረት (ለእንጨት ከሆነ ቀጭን ጣውላ) አድርጋችሁ በየ15 ሳንቲሜትሩ በብሎን አጥብቁት። እንዲህ ሲሆን ዳሩ በሙሉ ይነከሳል፤ አንዱ ክፍል ሲቀደድም እሱን ብቻ ፈትቶ መቀየር ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ክፍተቱ። መለኪያው የክብሪት እንጨት ነው። የክብሪት እንጨት ያለችግር የሚገባበት ቦታ ሁሉ ቢምቢ ትገባበታለች።

አንደኛው ጣሪያው ጠርዝ ላይ ነው። ቆርቆሮ ሞገድ አለው፤ ቀጥ ያለ አግዳሚ ላይ ሲያርፍ ከእያንዳንዱ ሞገድ ሥር ቀዳዳ ይቀራል። 4 ሜትር በረንዳ ላይ በርካታ ደርዘን ቀዳዳ ማለት ነው። ሰው ስለማያየው ይረሳዋል። ቢምቢ ግን ግድግዳ ስታገኝ ሽቅብ ትወጣና በጣሪያው ሥር መግባት ልማዷ ነው። በስፖንጅ አትድፈኑት፤ ወፍና አይጥ ይጎትቱታል። በሲሚንቶ መዝጋት ይቻላል፣ ነገር ግን ሙቅ አየር የሚወጣው በዚያ ስለሆነ ቤቱን ያፍናል። የሚሻለው ከወንፊቱ የተረፈውን ቁራጭ ደራርቦ አጥፎ በየሞገዱ ማጨቅና በቀጭን ጣውላ መያዝ ነው። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግማሽ ቀን ይፈጃል። በያጁ "ይሄ ምንም አይልም" ብሎ ሊሄድ ይፈልጋል። እንዳይሄድ። ቀሪ ሒሳቡ ይሄ ሳያልቅ አይከፈል።

ሁለተኛው የበሩ ሥር ነው። ደፉ ላይ 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ ሲሚንቶ አድርጋችሁ በሩ እሱ ላይ እንዲመታ አድርጉ፤ ከበሩ ታች የላስቲክ ቁራጭ (ከአሮጌ የመኪና ከመነዳሪ ተቆርጦ ይሆናል) በብሎን ይያዝ። በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፤ ወንፊቱ ላይ ያረፈችው ቢምቢ ሲከፈት ወደ ውጭ ትገፋለች እንጂ ይዘናት አንገባም። ሞላ ደግሞ ግዴታ ነው። ልጅ ያለበት ቤት በሩ ራሱ ካልተዘጋ ማንም አይዘጋውም።

ሦስተኛው የወለል ውሃ መውጫ ቀዳዳ ነው፤ በዚያች በወንፊት ቁራጭ ይሸፈን። ከግድግዳው ጋር የሚገናኘው ቋሚ ጀርባም አለ፤ ግድግዳው ቀጥ ካላለ እዚያ ሲሊኮን ወይም ልስን ይግባ።

ሲያልቅ ማታ በረንዳው ላይ መብራት አብሩና ውጭ ጨለማ ላይ ሆናችሁ ዙሩት። መብራቱ በወንፊት ሳይጣራ የሚወጣበት ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የመብራት ገመዱን ግን በብረቱ ላይ እንዳታሳልፉት፤ ልባሱ ተልጦ ብረቱን ከነካው በረንዳው በሙሉ ይይዛል።

በርሜሉ ውስጥ እንዳይቀር

አሁን የምናገረው ከሁሉም የሚብሰውን ነው። ብዙ ቤት የውሃ በርሜሉ በረንዳው ጥግ ነው የሚቀመጠው። ታዲያ በረንዳው ሲታጠር በርሜሉም አብሮ ይታጠራል። በርሜሉ ውስጥ እጭ ካለ ከአንድ ሳምንት በኋላ በታጠረው በረንዳ ውስጥ ቢምቢ ይፈለፈላል፣ መውጫም የለውም። ይሄ አጥር ሳይሆን የቢምቢ እርባታ ነው።

ታሪክም ምስክር አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፈረንሳዮች የፓናማን ቦይ ሊቆፍሩ ሲሞክሩ የሆስፒታላቸውን አትክልት ጉንዳን እንዳይበላው ዙሪያውን የውሃ ሳሕን ያደርጉ ነበር። ሳሕኖቹ ውስጥ ቢምቢ ተራባ፣ ለሌላ በሽታ የገባው ሰው በወባና በቢጫ ወባ ሞተ። በኋላ አሜሪካኖቹ ሥራውን ሲረከቡ ሐኪሙ ዊልያም ጎርጋስ ሁለቱን አንድ ላይ ያዘ፤ የሠራተኛውን ቤትና በረንዳ በወንፊት አሳጠረ፣ የቆመ ውሃንም ከየቦታው አስወገደ።

ስለዚህ በርሜሉ ወደ ውጭ ይውጣ። ቦታ ከሌለ አፉ ከዚያው ከወንፊቱ በተቆረጠ ሽቦ ተሸፍኖ በላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰር፤ በሳምንት አንድ ጊዜም ይገልበጥና የውስጥ ግድግዳው በብሩሽ ይፈተግ። ባዶ ማድረግ ብቻ አይበቃም፤ የአንዳንዷ ቢምቢ እንቁላል ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ደርቆ ይቆያል፣ ውሃ ሲመለስ ይፈለፈላል። የአበባ ማሰሮ ሥር ያለ ሳሕን፣ የዶሮ ውሃ መጠጫ፣ የቆመ የመኪና ጎማም እንዲሁ ነው።

ሰዓቱ

እ.ኤ.አ. በ1900 ሳምቦንና ሎው የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች ወባ በጣም በበዛበት በሮም አቅራቢያ ኦስትያ የሚባል ረግረግ ውስጥ በወንፊት የታጠረ የእንጨት ቤት ሠርተው በወባው ወቅት ተቀመጡበት። መድኃኒት አልወሰዱም። ወባም አልያዛቸውም። ሽቦው ብቻ አይደለም ያዳናቸው፤ በየቀኑ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ገብተው እስክትወጣ አይወጡም ነበር።

እኛ ጋ ይሄ እንዴት ይሆናል? ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በሩ አይከፈት። እንግዳ ሲመጣ የበረንዳው በር ተዘግቶ ነው የቤቱ በር የሚከፈተው፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይከፈቱም። የገባች ቢምቢ ካለች ግድግዳው ላይ ነው የምታርፈው፤ ማታ ባትሪ አብርታችሁ ዙሩና ግደሏት።

ዝናብ ሲመጣ ወንፊቱን በላስቲክ ወይም በሸራ ሸፍኖ ከውስጥ ከሰል ማቀጣጠል ግን ፈጽሞ አይደረግ። ወንፊት አየር ያስወጣል፤ ላስቲክ አያስወጣም። የከሰል ጭስ ሽታው ቢጠፋም መርዙ አይጠፋም፤ ሰው እንደተኛ ይገድላል። በውስጥ ሰው እያደረ በሩን ከውጭ በቁልፍ መዝጋትም እንደዚያው ነው፤ እሳት ቢነሳ መውጫው እሱ ብቻ ነው። መወርወሪያው በውስጥ በኩል ይሁን፣ ልጅ የሚደርስበት ከፍታ ላይ።

እንክብካቤው ቀላል ነው። የድሬዳዋ አቧራ ቀዳዳውን ስለሚደፍነው በወር አንድ ጊዜ ለስላሳ ብሩሽና የሳሙና ውሃ በቂ ነው፤ በረኪና ሽቦውን ይበላል። ትንሽ ቀዳዳ ከተገኘች በዚያው ቀን በመርፌና በናይለን ክር ትጠገን ወይም ከሁለት በኩል ቁራጭ ወንፊት በሙጫ ይለጠፍባት። የበሩ ሞላ በዓመት አንዴ ይላላል፤ በልግ ሳይገባ ቀይሩት፤ ያን ጊዜ የጣሪያውን ጠርዝም በክብሪት እንጨቷ እንደገና ፈትሹ።